ሬንደር ወይስ ሳይት? የሕዝብ ቤት መሥራት ለምትፈልግ ተመራቂ አርክቴክት

አንዲት የአምስተኛ ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ ጽፋልኛለች። ዘንድሮ ትመረቃለች። ሁለት ሥራ ቀርቦላታል። አንደኛው ሪል እስቴት ኩባንያ ውስጥ ነው፤ ሬንደር (ገና ያልተገነባን ሕንፃ በኮምፒውተር የሚያሳይ ምስል) እና የማስታወቂያ ምስል መሥራት፣ ደሞዙም ጥሩ ነው። ሁለተኛው ትልቅ የመኖሪያ ቤቶች ግንባታ የሚቆጣጠር አማካሪ ድርጅት ነው። ውሎዋ ሳይት፣ ማለትም ግንባታው ቦታ ላይ ይሆናል፣ ደሞዙ ግን ከመጀመሪያው በጣም ያንሳል። «ልቤ ያለው ተራው ሰው የሚኖርበት ቤት ላይ ነው» ትላለች። «ግን ሰው ሁሉ ኮንዶሚኒየም አንዴ ተስሎ አልቋል፣ ከዚያ በኋላ ኮፒ ነው፣ አርክቴክት እዚያ ምን ይሠራል ይለኛል። አባቴም ሪል እስቴቱን ያዢ እያለኝ ነው። እውነት ለእኛ ሙያ እዚያ ቦታ አለው?»

እህቴ፣ መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። የቤት ኪራይ የሚከፍልልሽ ሰው ካለ ወይም ቤተሰብ ጋ መኖር ከቻልሽ፣ ሳይቱን ያዢ። አሁን ምክንያቴን ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል።

«ኮፒ ነው» የሚሉሽ ሰዎች እውነት አላቸው። ድምዳሜያቸው ግን ተገላቢጦሽ ነው። የመንግሥት የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም አዲስ አበባ ላይ በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ሲጀመር፣ ቤቶቹ ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መኝታ ተብለው በጥቂት ዓይነት ተከፈሉ። ከዚያ በአገር ደረጃ በአምስት ዓመት 400,000 ቤት ለመገንባት ታቀደ። እ.ኤ.አ. እስከ 2010 ድረስ ወደ 171,000 ያህሉ ተሠራ። አንድ ቪላ ላይ የወጥ ቤቱ መስኮት በተሳሳተ ቦታ ቢወጣ የሚታፈነው አንድ ቤተሰብ ነው። እዚህ ግን ያ መስኮት በሺዎች በሚቆጠር ቤት ይደገማል። ስለዚህ አርክቴክት በጣም የሚያስፈልገው ኮፒ በሚደረግበት ቦታ ነው። አንድ መስመር አሥር ሳንቲሜትር ስታንቀሳቅሺ የሚነካው የሰው ብዛት በሌላ የሙያችን ክፍል የለም።

አንድ ምሳሌ ላንሳ፣ እንጀራ። የእኛ ሰው ቤት ውስጥ እንጀራ ይጋግራል፣ ቡና ያፈላል፣ በዓል ሲመጣ በግ ያርዳል፣ በርበሬ ያሰጣል። ይህን ሁሉ የስቱዲዮ ፕላን ላይ የት ታስቀምጪዋለሽ? ፕሮግራሙ ሲነደፍ ሰዎቹ ይህን አስበውበታል። ለዚህም ነው ብሎኮቹ መሃል «ኮሚናል» የሚባለው የጋራ ሕንፃ የተሠራው፤ ማረጃ፣ ማብሰያና ልብስ ማጠቢያ ተብሎ ታስቦ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። አሁን ግን የምታውቂው ሳይት ሂጂና የጋራ ሕንፃው ለምን አገልግሎት እየዋለ እንደሆነ ተመልከቺ። ከዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት ምጣዷን፣ ሊጧንና ውኃዋን ይዛ ስንት ደረጃ ወርዳ እንደምትወጣ ቁጠሪ። አብዛኞቹ ብሎኮች ሊፍት የላቸውም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የቆሙትም ሊፍት እንዳያስፈልግ ተብሎ ነው። ቤቱ በዕጣ ስለሚደርስ ደግሞ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንት ላይኛው ፎቅ ሊደርሳቸው ይችላል። እንግዲህ ይህን ችግር የሚፈታው ማነው? ሲቪል ኢንጂነሩ ሥራው አርማታው እንዳይወድቅ ማድረግ ነው። ባንኩ ብድሩን ይሰበስባል። የቤቶች ቢሮው ዕጣ ያወጣል። ምጣዱ የት ይቀመጥ የሚለው ግን የአንቺ ነው፣ አንቺ ካልጠየቅሽው የሚጠይቀው የለም።

ሁለተኛው ነገር ሰፈር ነው። እኔ ለቤት ልማት የሚገቡ ወጣት አርክቴክቶች ከሁሉ በላይ እንዲያስቡበት የምፈልገው ይህን ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትመሠረት በሰፈር ነው የተቆረቆረችው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር። መኳንንቱ ከፍ ያለውን ቦታ ይይዛሉ፣ ዙሪያቸውን አሽከሩ፣ አንጥረኛው፣ ወታደሩ ይሰፍራል። ሀብታምና ድሃ አጥር ለአጥር የሚኖርባት ከተማ የሆነችው ከዚያ ጀምሮ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ቀበሌ ሥር ገቡ። ኪራዩ ጥቂት ብር ስለነበር ለጥገና የሚተርፍ አልነበረም። ጣሪያው ዛገ፣ ጭቃው ረገፈ፣ አንድ ሽንት ቤት ለብዙ ቤተሰብ ሆነ። ቤቶቹ መጥፎ ነበሩ፣ ይህን ማንም አይክድም፣ አንድ ጊዜ የቀበሌ ቤት ውስጥ ክረምትን ያሳለፈ ሰው የሚናፍቀው ጣሪያውን እንዳልሆነ ያውቃል።

የሚናፍቀው ሌላ ነገር ነው። እድሩ። በሩ ላይ ቆሎና ሽንኩርት ቸርችራ ልጆቿን የምታሳድግ እናት። ልጅ ጥለሽባት የምትወጪ ጎረቤት። በእግር የሚደረስ ሥራ። ሰው ከመሃል ከተማ ተነስቶ ከተማው ዳር ወዳሉት የኮዬ ፈጬ ወይም የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ሲሄድ የተሻለ ግድግዳ ያገኛል፣ ሽንት ቤት ያገኛል፣ በስሙ የተመዘገበ ንብረት ያገኛል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አናሳንሰው። ግን ጠዋት ሥራ ለመድረስ ታክሲ ተራ ላይ የሚቆመው ሰዓትና የትራንስፖርቱ ወጪ አለ። ጉሊቷም የለችም፣ ምክንያቱም ምድር ቤቱ ያሉት ሱቆች በጨረታ ይሸጣሉ፣ ቆሎ ሻጯ ደግሞ ጨረታ አትገባም። ቤት ደርሷቸው ቅድመ ክፍያውንና የወር ብድሩን መቋቋም ስላልቻሉ አከራይተውት ራሳቸው ርካሽ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ሰዎች እንዳሉ ታውቂያለሽ፣ ምናልባት ዘመዶችሽ ውስጥም ይኖራሉ።

«ይህ ፖሊሲ ነው፣ አርክቴክት ምን ያገባዋል?» ትዪኝ ይሆናል። ያገባዋል። የቺሊዋን ኢኪኬ ከተማ እዪ። አርክቴክቱ አልሃንድሮ አራቬናና ኤሌሜንታል የሚባለው ቡድኑ ኪንታ ሞንሮይ የሚባል ቦታ ላይ፣ መሃል ከተማ ለ30 ዓመት በሕገ ወጥ መንገድ ሰፍረው ለኖሩ ወደ 100 ለሚጠጉ ቤተሰቦች ቤት እንዲሠሩ ተጠየቁ። ድጎማው ለአንድ ቤተሰብ 7,500 ዶላር ብቻ ነበር፣ መሬቱም መሠረተ ልማቱም ቤቱም ከዚያ የሚከፈል። በዚያ ገንዘብ ከከተማ ውጪ ርካሽ መሬት ላይ ሙሉ ቤት መሥራት ይቻል ነበር። እነሱ ግን ሰዎቹ የኖሩበትን ቦታ ገዝተው የቤቱን ግማሽ ሠሩ። ግለሰብ ብቻውን ሊሠራው የሚከብደውን ግማሽ፣ ማለትም ስትራክቸሩን (ሕንፃውን የሚሸከመውን አካል)፣ ወጥ ቤቱን፣ መታጠቢያውን፣ ደረጃውንና ጣሪያውን። የቀረውን ባዶ ቦታ ቤተሰቡ አቅም ሲያገኝ እየሞላ ወደ እጥፍ አሳደገው። ሥራው በ2004 እ.ኤ.አ. አለቀ፣ አራቬናም በ2016 እ.ኤ.አ. በአርክቴክቸር ትልቁ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት አገኘ። ልብ በዪ፣ የዲዛይኑ ዋና ሐሳብ «የት ይሠራ፣ ገንዘቡ በየትኛው ላይ ይዋል» የሚል ነው። ይህን ሐሳብ ያመጡት አርክቴክቶች ናቸው፣ ሊያመጡት የቻሉት ደግሞ የድጎማውን ሂሳብ ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ነው።

እኛ አገር እንደዚያው ይገልበጥ እያልኩሽ አይደለም። ፎቅ ላይ ባዶ ቦታ ትቶ መሄድ ሌላ ጣጣ አለው። ግን አስቢው፣ የእኛም ኮንዶሚኒየም ብዙ ጊዜ ውስጡ ሳይጠናቀቅ ነው የሚተላለፈው፤ ወለሉን፣ ቀለሙን፣ አንዳንዴ ክፍልፋዩን ሁሉ ባለቤቱ ነው የሚጨርሰው። ሰው ግድግዳ ያፈርሳል፣ ቱቦ ያዛውራል፣ በረንዳውን በመስታወት ዘግቶ ክፍል ያደርጋል። ያ ሁሉ አስቀድሞ ታስቦበት ቢነደፍ፣ የትኛው ግድግዳ ይነካል የትኛው አይነካም የሚለው በግልጽ ቢታወቅ፣ ምን ያህል ሲሚንቶና ብር ይተርፍ ነበር? ይህ ጥናት የሚፈልግ ጥያቄ ነው። ሳይት ላይ ውለሽ ካላየሽው ግን አይመጣልሽም።

አሁን ከተማው ውስጥ የኮሪደር ልማት አለ። የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራት፣ መቀመጫ። እግረኛ በደንብ የሚሄድበት መንገድ ማግኘቱ ከልብ ያስደስተኛል፣ ብዙ ዓመት የለመንነው ነው። አንቺ እንደ ባለሙያ ስታልፊ ግን ሌላም ጠይቂ፦ ከዚህ የተነሱት ሰዎች የት ገቡ? ሊስትሮው የት ተቀመጠ? ጥላ አለ? እናት ከነልጇ ቀትር ላይ አረፍ የምትልበት ቦታ አለ? ለቅሶ ቢኖር ድንኳን የት ይተከላል? ይህን የመጨረሻውን ብዙ ዲዛይነር ይረሳዋል፣ ግን ብሎኮቹ መሃል መኪና ማቆሚያ ብቻ ያለበት ግቢ ውስጥ ድንኳን ለመትከል የሚደረገውን ውጣ ውረድ ነዋሪው በደንብ ያውቀዋል።

ሦስተኛው ዘላቂነት የሚባለው ነው። እዚህ ላይ ባጭሩ ልሂድ፣ ትምህርት ቤት ስለተማርሽው። ይህን ብቻ ያዢልኝ፦ የቤት ልማት ላይ ዘላቂነት በርካሽ ውሳኔ ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። በታህሳስ ቀትር ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ያህል ትዘነብላለች፣ በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ ያህል። ስለዚህ ብሎኩ ረጅም ጎኑን ለደቡብና ለሰሜን ከሰጠ፣ ብርድ በሚበረታበት ወር ቤቱ ፀሐይ ያገኛል፣ ጥላውንም በትንሽ ወጣ ያለ ሶሌታ (የአርማታ ንጣፍ) መቆጣጠር ይቻላል። ረጅም ጎኑ ወደ ምዕራብ ከዞረ ከሰዓት በኋላ ያለው ዝቅ ያለ ፀሐይ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ እሱን ጣሪያ አይከለክለውም። ብሎክን ማዞር ሲሚንቶ አይጨምርም። ግን ሳይት ፕላን ሲሠራ መንገዱንና ቱቦውን ብቻ እያዩ ብሎኮቹን እንደ ክብሪት ሳጥን መደርደር ቀላል ነው፣ ያኔ ተናግሮ የሚያስቆም ሰው ያስፈልጋል።

ሲሚንቶ በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶውን እንደሚይዝ ታውቂያለሽ። እኛ ጋ ደግሞ ዋጋው ሲንር ሳይቱ ቀጥ ይላል፣ ይህን ባለፉት ዓመታት ሁላችንም አይተናል። የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ ጂቲዜድ ከሚባለው የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር የመጣው የቀዳዳ ብሎኬትና የፕሪካስት ቢም (ቀድሞ ተሠርቶ የሚገጠም የአርማታ ተሸካሚ) ቴክኖሎጂ ዓላማው ይኸው ነበር፤ እንጨቱን፣ አርማታውንና ወጪውን መቀነስ። አግሮስቶን የሚባለው ሰሌዳም ለክፍልፋይ ገባ። የትኛው ሠራ፣ የትኛው ውኃ ሲነካው ተበላሸ፣ የትኛውን ነዋሪው ነቅሎ በብሎኬት ተካው? ይህን በዓይንሽ ያየሽ ቀን ስለ ማቴሪያል የምትናገሪው ሌላ ክብደት ይኖረዋል። ደግሞ ፍሳሽ አለ። የሦስተኛው ፎቅ ሽንት ቤት ሁለተኛው ፎቅ ኮርኒስ ላይ ሲያንጠባጥብ ማን ይጠግናል፣ ማንስ ይከፍላል? የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ንብረቱን ማስተዳደር ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ይሰጣል። ማኅበሩ ቱቦውን ለማየት ሰው ቤት ገብቶ ግድግዳ መስበር ካለበት ግን ጥፋቱ የዲዛይን ነው። አንድ የቱቦ መውረጃ ከውጭ የሚከፈት ቢሆን ስንት ጠብ ይቀር ነበር።

ስለዚህ ወደ ሥራው እንምጣ። ሳይቱን ከያዝሽ ቼክሊስት እየሞላሽ እንዳትቀሪ። የተቆጣጣሪ አርክቴክት ሥራ ፊኒሺንግ ማየት ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ ሴራሚኩ ተስተካከለ አልተስተካከለ እያሉ። እሱንም በደንብ ሥሪው። ከጎኑ ግን ክፍያ የሚሠራውን ሰው ተጠጊ። ቴክ ኦፍ ሺት (የሥራ መጠን የሚለካበት ቅጽ) እንዴት እንደሚሞላ፣ ክፍያ እንዴት እንደሚጸድቅ፣ የአንድ ካሬ ሜትር ዋጋ ከምን ከምን እንደሚገነባ ተማሪ። የቤት ልማት ስብሰባ ላይ አርክቴክት የማይሰማው ብዙ ጊዜ ዋጋ ስለማያውቅ ነው። «ኮሪደሩ ቢሰፋ ጥሩ ነው» ስትዪ ዝም ይሉሻል። «በ30 ሳንቲሜትር ቢሰፋ በብሎክ ይህን ያህል ብር ይጨምራል፣ ከዚህ ደግሞ ይህን መቀነስ እንችላለን» ስትዪ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ፎርማኑንም አክብሪ። ፎርማን ዕድሜ ልኩን ከኮለንና ከቢም ጋር የኖረ ሰው ነው፣ የትኛው ዝርዝር ሥዕል ወረቀት ላይ ብቻ እንደሚሠራ ይነግርሻል። ጋሼ በይውና ጠይቂው።

ሌላው ፖርትፎሊዮሽ ነው። የሁሉም ተመራቂ ፖርትፎሊዮ ማታ ላይ መብራቱ የበራ ሕንፃ ነው። አንቺ ሰው የሚኖርበትን አንድ ብሎክ ምረጪ። ነዋሪውን አስፈቅደሽ፣ ስም ሳትጠቅሺ፣ የአምስት ስድስት ቤት ፕላን እንደተኖረበት አድርገሽ ሳዪ። አልጋው የት ነው፣ ምጣዱ የት ነው፣ ጄሪካኑ የት ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ምን ይዘረጋል፣ ልጆቹ የት ይጫወታሉ፣ ምን ፈረሰ፣ ምን ተጨመረ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ አሻሽለሽ ከነዋጋው አሳዪ። ይህን ይዘሽ የከተማው የቤቶች ቢሮ ብትሄጂ፣ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ብትሄጂ፣ ልደታ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር ትምህርት ክፍል ለሁለተኛ ዲግሪ ብታመለክቺ፣ ሌላው ቀርቶ ሪል እስቴት ብትሄጂ እንኳ የሚጠየቀው ጥያቄ ይለወጣል። ስለ ሶፍትዌር መጠየቅሽ ቀርቶ ስለ ሥራው ታወሪያለሽ።

የሙያ ፈቃዱንም ከወዲሁ አስቢበት። በሕንፃ አዋጁ መሠረት ፕላን የሚያዘጋጀው የተመዘገበ ባለሙያ ነው። አንቺ በግራጁዌት አርክቴክት ትጀምሪያለሽ፣ ከዚያ ወደ ፕሮፌሽናል የምትወጪው በማስረጃ በተደገፈ የሥራ ልምድ ነው። ስለዚህ የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ ላይ «በቢሮአችን አገልግላለች» የሚል ብቻ እንዳይጻፍ። የፕሮጀክቱ ስም፣ የሠራሽው ሥራ፣ ከመቼ እስከ መቼ። ስትለቂ አይደለም፣ እየሠራሽ ሳለ አስጽፊ። አለቃሽ ይቀየራል፣ ድርጅቱም ሊዘጋ ይችላል።

ሴት በመሆንሽ ሳይት ላይ የሚገጥምሽ ነገር አለ፣ አልደብቅሽም። አንዳንዱ ሠራተኛ ትእዛዝሽን ሰምቶ ወንዱን ሄዶ ይጠይቃል። ትእዛዝሽን በሳይት ቡክ (የሳይቱ መዝገብ) ላይ ጻፊና አስፈርሚ፣ በጽሑፍ የሰፈረን ትእዛዝ ማንም አልሰማሁም አይልም። ደህና ጫማና ሄልሜት የራስሽ ይኑርሽ። ንጹሕ፣ የሚቆለፍ የሴቶች ሽንት ቤት ሳይቱ ላይ መኖሩን ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ። የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም፣ የሥራ ሁኔታ ነው። ከመሸ በኋላ ከሳይት ወደ ታክሲ መያዣው የሚያደርስ ሰርቪስ መኖሩንም ጠይቂ።

አባትሽን በተመለከተ። እሳቸው የሚያስቡት ኪራይሽን፣ ትራንስፖርትሽን፣ ምናልባትም ለታናናሾችሽ የምትረጂውን ነው። ትክክል ናቸው። ስለዚህ «ልቤ እዚያ ነው» ብለሽ አትከራከሪያቸው። ወረቀት አውጪና የወር ወጪሽን ጻፊ፣ በአነስተኛው ደሞዝ ምን እንደሚጎድል አሳያቸው። ጉድለቱ የሚሞላ ከሆነ ሁለት ዓመት ጠይቂያቸው። የማይሞላ ከሆነና ቤቱ በአንቺ የሚቆም ከሆነ፣ ሪል እስቴቱን ያለ ምንም ቅሬታ ያዢ፣ እኔም አልፈርድብሽም። ብቻ ሲቀጥሩሽ ሬንደር ላይ ብቻ እንዳትታሰሪ፣ ወርኪንግ ድሮዊንግ (ለግንባታ የሚውለው ዝርዝር ሥዕል) ላይም እንዲያሳትፉሽ በቅጥር ደብዳቤው ላይ ይጻፍልሽ ብለሽ ጠይቂ። ቅዳሜና እሑድ ያንን የኮንዶሚኒየም ብሎክ ትስያለሽ። የኢትዮጵያ አርክቴክቶች ማኅበር ጋም ብቅ በዪ፣ ሕዝብ የሚኖርበት ቤት ላይ የሚሠሩ ሰዎችን የምታገኚው እንደዚያ ባለ ቦታ ነው።

አንድ ያልጠየቅሽው መንገድም አለ። ሳይቱን ይዘሽ ለሪል እስቴቱ ሬንደሩን በፕሮጀክት ሂሳብ ልትሠሪላቸው ትችዪ እንደሆነ ጠይቂያቸው። አንዳንድ ቢሮ የወር ደሞዝ ከመክፈል ይህን ይመርጣል። ከማድረግሽ በፊት ግን የአማካሪ ድርጅቱን ውል በደንብ አንብቢ፣ ተጨማሪ ሥራን የሚከለክል አንቀጽ ካለው በግልጽ አስፈቅጂ፣ ፈቃዱንም በደብዳቤ ተቀበዪ።